ከለገሐር እስከ ደሴቶቹ፦ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያና የባሕር ማዶ ጉዟችን

ቃላት አንዳንድ ጊዜ ከታሪክ መጻሕፍት ይልቅ ጠንቃቃ መዝጋቢዎች ናቸው። «ጉዞ»፣ «ጓዝ» እና «ግዞት» የሚሉትን ሦስት የአማርኛ ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጠን ብንመለከታቸው የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። የመጀመሪያው መንገድ መሄድን፣ ሁለተኛው መንገደኛ ተሸክሞ የሚሄደውን፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰው ሳይወድ በግድ ከአገሩ መወሰዱን ይናገራል። በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ፊደላት ብቻ ነው። የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ታሪክም ከመቶ ዓመት በላይ የተመላለሰው በእነዚሁ ቃላት መካከል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የበጋው ሐሩር አልፎ ነፋሱ ለዘብ ማለት ሲጀምር የጅቡቲ ነዋሪ ስለ ደሴት ማውራት ይጀምራል። ሙሻ እንሂድ ወይስ መስካሊ? ጀልባ በስንት ይገኛል? ልጆቹስ ፀሐዩን ይችሉታል? አቅሙ የፈቀደለት ደግሞ ዛንዚባርን፣ ሲሸልስን፣ ሞሪሺየስን ያስባል። እንዲህ ያለው ዕቅድ ዛሬ የዕረፍት ቀን ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ ከደጋው አገር ወርዶ፣ በዚህች ከተማ በኩል አልፎ፣ ወደ ሞቃቱ ባሕር ደሴቶች መሄድ ለአያቶቻችን ምን ማለት ነበር? ማን ነበር የሚሄደው? ማንስ በገዛ ፈቃዱ ሄደ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ከጣቢያው በር ላይ ይቆማል። የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ውድ አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ከባቡሩ በፊት

ባቡር ሳይመጣ፣ ጅቡቲ የምትባል ከተማም ሳትቆረቆር፣ ከሸዋና ከወሎ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ባሕሩን የሚያገኘው በታጁራና በዘይላ ነበር። ግመሎቹ የዝሆን ጥርስ፣ ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ጭነው ይወርዱ ነበር። ከግመሎቹ ጎን ግን በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎችም ነበሩ፤ ተይዘው የተሸጡ ወጣቶችና ሕፃናት። የእነርሱ መንገድ በታጁራ ወደብ አያበቃም። በጀልባ ተጭነው ወደ ዓረብ ምድር ይሻገራሉ፤ ከዚያም አንዳንዶቹ ወደ ፋርስና ወደ ሕንድ ይወሰዱ ነበር።

ከኢትዮጵያ ተራሮች ወደ ሞቃቱ ባሕር ደሴት ከተደረጉት ጉዞዎች ከቀደሙት ውስጥ የሚቆጠረው ምናልባት የጃንጂራው ነው። በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ከሙምባይ በስተደቡብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ «ሲዲ» ወይም «ሐብሺ» እየተባሉ የሚጠሩ ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ልጆች ምሽግ ሠርተው ለብዙ ትውልድ ገዝተዋል። የማራታ ነገሥታት ደጋግመው ቢከቧትም አልወደቀችም። የጃንጂራ ገዢዎች ሥልጣናቸውን ያጡት ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1948 ነው። በዚያው በሕንድ፣ በደካን ምድር ታላቅ የጦር መሪና መንግሥት አቅኚ የነበረው ማሊክ ዐምበርም (1548–1626) ከኢትዮጵያ በባርነት ተሸጦ የሄደ ሰው ነበር። እነዚህ ሰዎች ጉዟቸውን አላቀዱትም፤ ሌላ ሰው አቀደላቸው። በደረሱበት ግን ባሮች ሆነው አልቀሩም።

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ የሙሻ ደሴቶችም በዚያ ዘመን በገበያ ላይ ነበሩ። በ1840 የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መልእክተኛ የነበረው የመርከብ አዛዥ ሞርስቢ ከታጁራው ሱልጣን ጋር ውል ተዋውሎ ደሴቶቹን ገዛ። ዋጋቸው አሥር ጆንያ ሩዝ ነበር። እንግሊዞች ዓመቱን ቀደም ብለው ኤደንን ስለያዙ ሌላ ኃያል መንግሥት በማዶው ጠረፍ መልሕቅ እንዳይጥል መከልከል ፈልገው ነው እንጂ በሙሻ ላይ የሚታረስ መሬት አልነበረም። በ1880ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚህ ጠረፍ ላይ ድንበራቸውን ሲካለሉ ደሴቶቹ ለፈረንሳይ ተለቀቁ። ዛሬ ቤተሰብ ይዞ ለሽርሽር ወደ ሙሻ የሚሄድ ሰው የሚረግጠው አሸዋ በአንድ ወቅት ለአንድ ግብዣ በማይበቃ ሩዝ የተሸጠ አሸዋ ነው።

የእንፋሎቱ መንገድ

ጅቡቲ ራሷ ከደሴት የተወለደች ከተማ ናት። በ1888 ስትቆረቆር የነበራት መሬት ከባሕሩ ወለል ጥቂት ከፍ ያሉ የኮራል አምባዎች ነበሩ፤ የእባብ አምባ፣ የማራቡ አምባ፣ የሄሮን አምባ እየተባሉ የሚጠሩት ሰፈሮች ማዕበሉ ሲሞላ ውኃ የሚከባቸው፣ በኋላ በድንጋይ ግድብ እርስ በርስና ከዋናው ምድር ጋር የተያያዙ ናቸው። ባቡሩ ጉዞውን የጀመረው በዚህ በኮራል ላይ ነው ማለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 (1886 ዓ.ም) ነው። ከኢልግ ጋር ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ ተባባሪ ሆነ። በ1897 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ስምምነት ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ በር መሆኗ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት ሥራው ከጅቡቲ ተነሣ። የሆልሆልን ገደል በብረት ድልድይ ተሻግሮ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረርን ለመንካት ተራራው አስቸጋሪ ስለነበረ መስመሩ በግርጌዋ አለፈ፤ ለአዲሲቱ ከተማም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ታስቦላት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወደቀ። በ1908 የተቋቋመው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ አስገባው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ከዚህ ውስጥ በዛሬዋ ጅቡቲ ምድር ውስጥ ያለፈው ወደ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው።

በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው እዚህ ላይ በሁለት ቃላት ሳይቆም አያልፍም። የመጀመሪያው «ለገሐር» ነው። የአዲስ አበባ ሰው ዛሬም ሰፈሩን የሚጠራበት ይህ ስም የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ማለትም «ጣቢያው» ነው። ቃሉ እንደ ማንኛውም መንገደኛ በጅቡቲ በኩል ተሳፍሮ ወጣ፤ ደጋው ላይ ሲደርስ ሐበሻ ሆነ። ሁለተኛው «ባቡር» ነው። ይህ ቃል የእንፋሎት ስም ከሆነው ከአውሮፓውያኑ ቃል በቀይ ባሕር አፍ ተለውጦ የመጣ ሲሆን፣ በቱርክኛም ሆነ በዓረብኛ ወደቦች ቀድሞ የሚጠራበት የእንፋሎት መርከብ ነበር። እኛ ግን ከመርከቡ ይልቅ ሐዲዱን ስለቀረብን ባቡርን የየብስ አደረግነው። የድርጅቱ ስም «ምድር ባቡር» መባሉ ግን አንድ ነገር ያስታውሳል። «ምድር» የሚለው ቅጽል ያስፈለገው ሌላ፣ በባሕር ላይ የሚሄድ ባቡር ስለነበረ ይመስላል። ጣቢያው የቆመው እንግዲህ በሁለቱ ባቡሮች መገናኛ ላይ ነው፤ አንዱ በብረት ላይ የሚሄድ፣ ሌላው በውኃ ላይ።

የመንገደኛው ዝግጅት

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች መሄድ የፈለገ ሰው ምን ማሰናዳት ነበረበት? በመጀመሪያ የመርከቡን ቀን ማወቅ። ባቡሩ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ይነሣል፤ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጃል። የመጀመሪያው ማደሪያ አዋሽ፣ ሁለተኛው ድሬዳዋ ነው። መንገደኛው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ተነሥቶ፣ ካቦርቱንና ጋቢውን ደረጃ በደረጃ እያወለቀ፣ በሦስተኛው ቀን ከባሕር ወለል ላይ ይደርሳል። መርከቡ ከቀደመው ቀጣዩን መጠበቅ ነው፤ የጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ለጠባቂ አይራራም።

ከጣቢያው ወደ ወደቡ ሲሄድ የሚጠብቀው በአብዛኛው የፈረንሳዩ ሜሳዠሪ ማሪቲም ኩባንያ መርከብ ነበር። ከማርሴይ ተነሥቶ በፖርት ሰይድና በስዊዝ አልፎ ጅቡቲ ሲደርስ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ በኮሎምቦ፣ በሲንጋፖር፣ በሳይጎን፣ በሆንግ ኮንግና በሻንጋይ አድርጎ እስከ ጃፓን ይዘልቃል። ሌላው ወደ ደቡብ ታጥፎ ሞምባሳን፣ ዛንዚባርን፣ የኮሞሮስን ደሴቶችና ማዳጋስካርን እየነካ እስከ ሬዩኒዮንና ሞሪሺየስ ይወርዳል። ስለዚህ ጅቡቲ ለፈረንሳዊው ተጓዥ የመንገድ አጋማሽ ነበረች፤ ከሰል የሚጫንባት፣ ንጹሕ ውኃ የሚቀዳባት፣ ሁለት ሰዓት ወርዶ ቡና የሚጠጣባት። ለኢትዮጵያዊው ግን የመንገዱ መጀመሪያ ናት።

መርከብ በዚያ ዘመን የዋስትና ቦታ እንዳልነበረም ማስታወስ ይገባል። የዚሁ ኩባንያ የነበረችው «ፎንቴንብሎ» በሐምሌ 1926 በጅቡቲ ወደብ ውስጥ ተቃጥላ ቀረች፤ ቅሪቷም ከጊዜ በኋላ ለወደቡ ማዕበል መከላከያ ግድብ ግብዓት ሆነ። በግንቦት 1932 ደግሞ «ዦርዥ ፊሊፓር» የተባለችው አዲስ መርከብ ከመጀመሪያ ጉዞዋ ስትመለስ ከኮሎምቦ ተነሥታ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ተቃጠለች፤ ከሞቱት መካከል ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ጋዜጠኛ አልቤር ሎንድር ይገኝበታል።

የውጭ ሰዎች ይህን መንገድ በብዙ መጻሕፍት ጽፈውታል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዎ በ1930 የዐፄ ኃይለ ሥላሴን የንግሥ በዓል ለመዘገብ «አዜ ለ ሪዶ» በተባለች መርከብ ጅቡቲ ወርዶ በባቡር ወጣ። ሲመለስም በኤደን በኩል ወደ ዛንዚባር ሄደ። በመጽሐፉ ውስጥ ባቡርና መርከብ በመጠበቅ ያሳለፋቸውን አሰልቺ ቀናት «የመጀመሪያው ቅዠት» ብሎ ለብቻ አርእስት ሰጥቷቸዋል። ለእርሱ ጭንቀቱ ሁሉ የጊዜ መባከን ነበር። ማንም «ለምን መጣህ? የትስ ትሄዳለህ?» ብሎ አልጠየቀውም።

ለእንግዳው የመንገድ መምሪያ ያዘጋጀው ግን የእኛው ሰው ነው። በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት፣ በ1908 «ጦብያ»ን ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በዚያው ዓመት በሮም ለአቢሲኒያ መንገደኛ የሚሆን መምሪያ በፈረንሳይኛና በአማርኛ አወጡ። መጽሐፉ በእንግዳውና በአገሬው ሰው መካከል በሚደረግ ንግግር የተሠራ ነው፤ ቋንቋ ለማስተማር ሰበብ አድርጎ ስለ አገሩ አስተዳደርና ስለ ሕዝቡ ኑሮ ብዙ ይተቻል። አፈወርቅ በኋላ በድሬዳዋ በነጋድራስነት አገልግለዋል፤ ባቡሩ የሚያመላልሰውን ሸቀጥና ሰው በቅርብ ያዩ ሰው ነበሩ። መምሪያቸው ግን ወደ ውስጥ ለሚገባ እንግዳ ነው። ወደ ውጭ ለሚወጣው ኢትዮጵያዊ ዓይኑን የከፈቱለት ሌላ ሰው ናቸው።

አንድ ሰው፣ አንድ ጣቢያ፣ ሁለት ጉዞዎች

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዘመናቸው ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ሁሉ በዚህ መስመር ደጋግመው ከተመላለሱት አንዱ ናቸው። በ1911 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለአምስተኛው ጆርጅ የንግሥ በዓል ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ወደ ለንደን ሲላኩ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ እስከ ድሬዳዋ ያለው መንገድ የበቅሎ ነው። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጎጃሜውን ራስ ኃይሉንና ራስ ሥዩምን አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ሲሄዱም ኅሩይ አብረው ነበሩ። ያንን ጉዞ «ደስታና ክብር» በሚል መጽሐፍ አስፍረውታል።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የ1931 ጉዞ ነው። ኢትዮጵያና ጃፓን በ1930 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውለው ነበር። በ1931 የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥትም ከጃፓኑ ብዙ ወስዷል። ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው መልእክተኞቹን እየመሩ በጅቡቲ በኩል ወደ ምሥራቅ ተጓዙ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ፊት ቀረቡ። ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን፣ ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። መጽሐፉ በጃፓንኛም ተተርጉሞ ታትሟል።

ይህን ጉዞ ከሌሎቹ የሚለየው ምንድን ነው? ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ለዘመናት የነበሩት ምክንያቶች ሳሌም መሳለም፣ ንግድ፣ ወይም ከኃያል መንግሥት ዘንድ ፍርድ መለመን ነበር። ኅሩይ ግን ለመማር ሄዱ፤ የሄዱትም ወደ አውሮፓ አልነበረም። በውኃ የተከበበች፣ የራሷን ልማድ ሳትጥል ፋብሪካ ያቆመች የእስያ አገር እንዴት እንደቆመች ለማየት ነበር። ለአንድ ደጋማ አገር ሹም ደሴት የትምህርት ቤት ሆና ታየችው። ከጅቡቲ ጣቢያ ወርዶ ባሕሩን ያየው መንገደኛ በዚያን ጊዜ ወደፊት የሚመለከት ሰው ነው።

ከአራት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ እኒሁ ሰው እዚያው ጣቢያ ደረሱ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጋት ላይ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ፤ በማግሥቱ ጅቡቲ ገቡ፤ ሚያዝያ 26 ቀን «ኢንተርፕራይዝ» በተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ ተሳፈሩ። በሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። ኅሩይም ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ። ከኢየሩሳሌም ወደ እንግሊዝ አልፈው በባዝ ከተማ በስደት እንዳሉ በ1938 ዐረፉ። እንግሊዝም ደሴት ናት፤ ብርዷ ግን የስደተኛ ብርድ ነው።

ሐዲዱ ያው ነው። ጣቢያው ያው ነው። ባሕሩም አልተለወጠም። በ1931 «ጉዞ» የነበረው በ1936 «ግዞት» ሆነ። የጅቡቲ ጣቢያ ታሪክ በአንድ ሰው ሕይወት ተጠቅልሎ ቢነገር ይህ ይበቃዋል።

ደሴት እንደ ወህኒ

ለኢትዮጵያውያን ደሴት የሚለው ቃል ሁለት መልክ አለው። በጣና ላይ ደሴት ማለት ገዳም ነው፤ ነገሥታት አስከሬናቸውን፣ መነኮሳት መጻሕፍታቸውን ያስቀመጡበት የተከበረ ስፍራ። በባሕር ላይ ግን ቅኝ ገዢዎች ደሴትን ወህኒ አደረጓት። ጣሊያኖች በዳህላክ ደሴቶች መካከል በምትገኘው ኖክራ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1941 እስረኞችን በሐሩርና በጥም ሲቀጡ ኖረዋል። በ1937 በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላም በመቶ የሚቆጠሩ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸው በሰርዲኒያ አጠገብ ወደምትገኘው አዚናራ ደሴት ተግዘዋል።

እንግሊዞችም የራሳቸው ነበራቸው። ዛሬ የሠርግ ሽርሽር የሚታቀድባት ሲሸልስ የአሻንቲውን ንጉሥ ፕሬምፔን፣ የቡኞሮውን ካባሌጋንና የቡጋንዳውን ምዋንጋን በግዞት አኑራለች። ከዚህ ከእኛ ጎረቤት የወርሰንገሊው ሱልጣን ማሕሙድ ዓሊ ሺሬም በ1920 ወደዚያው ተወስደው እስከ 1928 ቆይተዋል። ሲሸልስ እስከ 1971 የአውሮፕላን ማረፊያ አልነበራትም፤ የሚደረስባት በመርከብ ብቻ ነበር። አሳሪዎቹ የፈለጉት ርቀቷን ነው። ዛሬ የጉዞ ወኪሎች በማስታወቂያ የሚያወድሱት ያንኑ ርቀት ነው።

መርከቦቹ ሲቀሩ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መስመሩ እንደገና ነፍስ ዘራ። በ1949 ጅቡቲ ነጻ ወደብ ሆነች። በ1951 ሚያዝያ ወደ ኮርያ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ወርዶ በጅቡቲ የአሜሪካ መርከብ ተሳፈረ፤ በግንቦት ፑሳን ደረሰ። በ1952 እና በ1953 ሥራ የጀመሩት «ፈርዲናን ደ ሌሴፕስ»፣ «ላ ቡርዶኔ»፣ «ፒዬር ሎቲ» እና «ዣን ላቦርድ» የተባሉት አራት መርከቦች ከማርሴይ እስከ ሬዩኒዮንና ሞሪሺየስ እየተመላለሱ ጅቡቲን ይረግጡ ነበር። ወደ ደሴቶቹ የሚወስደው መንገድ በዚያ ጊዜ ከምንጊዜውም ይልቅ የተስተካከለ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሰማዩ ከባሕሩ ቀደመ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ሚያዝያ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ወዲህ ገንዘብ ያለው መንገደኛ ቀስ በቀስ ሐዲዱን ተወ። በ1967 የስዊዝ ቦይ ሲዘጋ የጅቡቲ ወደብ ዋና ደንበኞቹን አጣ፤ ቦዩ እስኪከፈት ስምንት ዓመት ሞላ። የመንገደኞቹ መርከቦች በዚያው ሰሞን ከመስመሩ ወጡ። በ1977 ጅቡቲ ነጻነቷን አወጀች፤ በዚያው ዓመት የኦጋዴን ጦርነት ድልድዮቹን ሰብሮ ባቡሩን አቆመው። በ1981 ባቡሩ የሁለቱ አገሮች የጋራ ድርጅት ሆነ። በጥር 1985 አዋሽ አጠገብ በደረሰው አደጋ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ኢትዮጵያዊ አብዛኛው ነጋዴ ወይም ስደተኛ ነበር፤ የዲኪልና የዓሊ ሳቢዬ መጠለያዎች ለብዙ ሰው የባሕሩ መንገድ ማብቂያ ሆኑ።

የድሮው መስመር ከአዲስ አበባ ወገን በ2000ዎቹ መጨረሻ ጸጥ አለ። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 በኢትዮጵያ፣ በጥር 2017 በጅቡቲ ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ጀመረ። በአዲስ አበባ ወገን የሚነሣው ከፉሪ ለቡ፣ የሚደርሰውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነጋድ ነው። ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ ከአንድ ቀን በታች ሆኗል። ይሁንና አዲሱ ጣቢያ ከመርከብ አጠገብ አይደለም። የዛሬው መንገደኛ ከባቡር ወርዶ ባሕሩን ለማየት ታክሲ መያዝ አለበት።

ዛሬ ዕቅድ ስናወጣ

ወደ ሙሻና ወደ መስካሊ ለመሄድ ለሚያስብ ቤተሰብ ነገሩ ቀላል ነው። ደሴቶቹ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ ጀልባ ከወደቡ ዳርቻ ይገኛል። ተስማሚው ወቅት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ነው፤ በሰኔና በሐምሌ የሚነፍሰው የበረሃ ነፋስ ለባሕርም ለሰውም አይመችም። በደሴቶቹ ላይ የሚጠጣ ውኃ ስለማይፈልቅ ውኃና ስንቅ ይዞ መሄድ ግድ ነው። የማንግሮቩን ዛፍ አለመስበር፣ ኮራሉን አለመርገጥ ደግሞ የእንግዳ ጨዋነት ነው። ከኅዳር ጀምሮ ባሉት የቀዝቃዛ ወራት በአርታ ዳርቻ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ነገር ግን ሰውን የማይነካ ዓሣ ማየት ይቻላል።

ከሙሻ ዳርቻ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ግን የኦቦክን አቅጣጫ ያያል። ከዚያ ጠረፍ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ወጣት ኢትዮጵያውያን ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ተስፋ ቆርጠው የሚመለሱም አሉ። በሚያዝያ 2024 ብቻ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በኦቦክ አውራጃ ጎዶሪያ አጠገብ ተገልብጠው በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ የእኛው አገር ልጆች ነበሩ። እነርሱም ዕቅድ አውጥተው ነበር። የጀልባ ዋጋ ጠይቀዋል፣ የነፋሱን ወቅት አጣርተዋል፣ ስንቅ ቋጥረዋል። የእነርሱ ዝግጅት ከሽርሽረኛው ዝግጅት የሚለየው በጥንቃቄ ማነስ አይደለም። ልዩነቱ ያለው በኪሳቸው በሌለው ወረቀት ላይ ነው። ያው ውኃ ለአንዱ መዝናኛ፣ ለሌላው መቃብር የሚሆነው በዚህ ነው።

ታሪኩን ከታጁራ ሲራራ አንሥተን እዚህ ስናደርስ አንድ ነገር ግልጽ ይሆንልናል። ከደጋው ወደ ደሴቱ የሚወስደው መንገድ ዘወትር ክፍት ነበረ፤ ዘወትር ሲለዋወጥ የኖረው ተጓዡ በፈቃዱ መሄዱና መመለስ መቻሉ ነው። የተሸጠው ልጅ አልተመለሰም። ኅሩይ ከጃፓን ተመለሱ፤ ከባዝ ግን በሕይወት አልተመለሱም። ሱልጣን ማሕሙድ ከስምንት ዓመት በኋላ አገራቸውን አዩ። ሰው ለደስታው ብቻ ተጉዞ በሰላም ወደ ቤቱ መመለሱ በዚህ ጠረፍ ታሪክ ውስጥ አዲስና ብርቅ ነገር ነው።

ስለዚህ የድሮው ጣቢያ ቢፈርስ የሚጠፋው ዝገት የበላው ሐዲድና የተሰነጠቀ ግድግዳ ብቻ አይሆንም። አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ባሕሩን ያየበት የመጀመሪያው መስኮት፣ «ለገሐር» የሚለው ቃል የተሳፈረበት መድረክ አብሮ ይጠፋል። ጥቂት ክፍሎቹ እንኳ ተጠብቀው የመንገዱን ታሪክ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በሶማልኛ፣ በዓፋርኛና በአማርኛ የሚናገሩ ቢሆኑ የሁለቱም አገሮች ልጆች ይጠቀማሉ። እስከዚያው ግን ታሪኩን መያዝ የእኛ የነዋሪዎቹ ድርሻ ነው። የደሴቱን ሽርሽር የሚያቅድ ወላጅ ለልጆቹ ከውኃውና ከስንቁ ጋር ይህንንም ይያዝላቸው፤ ወደዚህ ባሕር የወረዱት ሁሉ ለመዝናናት እንዳልወረዱ፣ የወረዱትም ሁሉ እንዳልተመለሱ ይንገራቸው።